ዳባይቱ ወይስ ሻንጃ፣ ላትያው ወይስ ሱፍ፦ የቻይና መክሰስና መጠጥ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ለንግድም ሆነ ለትምህርት ጓንዡ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ሲመለስ ለልጆችና ለዘመድ የሚሆን ጣፋጭ ሳይዝ አይመጣም። ይሁንና የሱቁ መደርደሪያ ብዙ፣ ጽሑፉም ለአብዛኛው ሰው የማይነበብ በመሆኑ ምርጫው በማሸጊያው ውበት ብቻ ይወሰናል። ከዚህ በታች በየሱቁ በቀላሉ የሚገኙትን በጣዕም፣ በስኳር መጠን፣ ለጾም በመሆናቸውና ለጉዞ በመመቸታቸው አወዳድሬ ከ10 ነጥብ ሰጥቻለሁ። ነጥቡ የእኔ ምላስ ፍርድ ነው።

ከጣፋጮቹ ሁሉ ዝነኛው ዳባይቱ፣ ማለትም «ትልቁ ነጭ ጥንቸል» የሚባለው የሻንጋይ የወተት ከረሜላ ነው። የአሁኑን የጥንቸል ምልክት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በማሸጊያው ላይ የነበረው ሚኪ ማውስ ነው። የላይኛው ወረቀት ሲገለጥ ከረሜላው ላይ የተለጠፈ ስስ ግልጽ ሽፋን ይቀራል፤ ይህን በጥፍር ለመላጥ የሚታገሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሽፋኑ ከስታርች የተሠራ ስለሆነ ከነከረሜላው ይበላል፣ ምላስ ላይም ወዲያው ይሟሟል። እ.ኤ.አ. በ2008 የቻይና ወተት ሜላሚን በተባለ የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል መበከሉ ሲታወቅ ይህም ከረሜላ ከገበያ ተነሥቶ የነበረ ሲሆን በኋላ ተመልሷል። ወተት ስላለበት ለጾም አይሆንም፤ ከእንስሳት የሚወጣ ማጣበቂያ የሆነው ጀላቲን ስላለበትም ሙስሊም ገዢ የሐላል ምልክት መኖሩን ቢያረጋግጥ ይበጃል። 8 ሰጥቼዋለሁ። ለጾመኛ የሚሻለው እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው የሻንጃ ቁራጭ ነው፤ ሻንጃ ቀይና ጎምዛዛ የዛፍ ፍሬ ሲሆን፣ ቁራጩ በዋናነት ከዚሁ ፍሬና ከስኳር ይዘጋጃል። ዋጋውም ርካሽ ነው፤ 7።

ላትያው ግን ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በደረሰው ታላቅ ጎርፍ የአኩሪ አተር ዋጋ ሲንር፣ በሁናን ግዛት በፒንግጂያንግ ወረዳ የሚገኙ የደረቅ ቶፉ አምራቾች አኩሪ አተሩን በስንዴ ዱቄት ተክተው የሠሩት መክሰስ ነው ይባላል። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው የዌይሎንግ ምርት ነው። በቀይ ዘይት የራሰ፣ ሲያኝኩት እንደ ላስቲክ የሚሳብ ጥብጣብ ሲሆን፣ በበርበሬ ላደገ ሰው እንግዳ የሚሆንበት ቃጠሎው ሳይሆን ከቃጠሎው ጋር የሚመጣው ስኳር ነው። ጨውም ይበዛበታል። ከሻንጣ ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ ዘይቱ ልብስ አይለቅም። ወጣቶች ይወዱታል፤ እኔ ግን ከ5 በላይ አልሰጠውም።

በአንጻሩ የቺያቺያ ሱፍ ያለ ማመንታት 9 ይገባዋል። የአንሁይ ግዛት ዋና ከተማ የኸፌይ ምርት ሲሆን፣ የሱፍ አበባ ፍሬው ዝም ብሎ የሚቆላ ሳይሆን በቅመም ውሃ ተቀቅሎ የሚደርቅ በመሆኑ ጣዕሙ ከቅርፊቱ አልፎ እስከ ፍሬው ይዘልቃል። አይፈስም፣ ሙቀትም አያቀልጠውም፤ ከቡና ጋር ለሚቀርብ ቁርስ ደግሞ የተስማማ ነው። ቅርፊቱ ስለሚያንቅ ለሕፃናት መስጠት ግን አይገባም።

ከመግዛት በፊት ማሸጊያውን መመልከት ተገቢ ነው። በቻይና በብዛት የሚታተመው ቀን የምርት ቀን ሲሆን የመቆያው ጊዜ በወራት ለብቻው ይጻፋል፤ ስለዚህ ያለፈ ቀን ያየ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ አይደንግጥ። በምግብ ይዘት ሰንጠረዡም ስኳር ራሱን ችሎ ላይጻፍ ስለሚችል ካርቦሃይድሬት የሚለውን መስመር ማየት ያስፈልጋል።

ይህ መስመር ይበልጥ የሚጠቅመው ለመጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 በጓንዡ ተጀመረ የሚባለው ዋንግላውጂ «የቅጠላ ቅጠል ሻይ» ስለተባለ መድኃኒት የሚመስለው ሰው አለ፤ ሆኖም በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 9 ግራም ስኳር ስላለው፣ አንዱ የ310 ሚሊ ሊትር ጣሳ ወደ 28 ግራም፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ይይዛል። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ 6። ከዋንግላውጂ ጋር ከነበረው የንግድ ምልክት ክርክር በኋላ ለብቻው የወጣው ተመሳሳይ መጠጥ ጂያዱዎባው በጣዕም እምብዛም ስለማይለይ ርካሹን መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዶንግፋንግ ሹዬ ፈጽሞ ስኳር የሌለው የጠርሙስ ሻይ ነው፤ ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው መጀመሪያ ይመረዋል፣ ስለዚህ ከጃስሚኑ ቢጀምር ይሻላል። 7።

ለእኔ ከመጠጦቹ የሚበልጠው ስዋንሜታንግ ነው። በጭስ ከደረቀ ፕሪም፣ ከሻንጃና ከድንጋይ ስኳር የሚፈላ ጎምዛዛ መጠጥ ሲሆን፣ የጭሱ ሽታ መጀመሪያ ቢያስገርምም ከቅባታም ሥጋ በኋላ አፍን ያጥባል፤ 8። በጠርሙስ የሚሸጠውን ተሸክሞ መምጣት ሻንጣ ማክበድ ነው፤ ደረቁ ቅመም ተመጥኖ በትንንሽ ከረጢት ስለሚሸጥ እሱን ገዝቶ ቤት አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፣ የስኳሩንም መጠን አፍሊው ራሱ ይወስናል።