እንጀራዬን የምመዝንባት ሚዛን

ይህችን የወጥ ቤት ሚዛን ከመርካቶ ከገዛኋት ስምንት ወር ሆናት። ዲጂታል ናት፤ እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች፤ ሁለት ትንንሽ ባትሪ ትፈልጋለች። 1,400 ብር ከፍዬባታለሁ። ዓይነት ሁለት ስኳር ካለብኝ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ከስኳር መለኪያዬ ቀጥሎ እንደ እሷ የጠቀመኝ ዕቃ የለም።

መጀመሪያ የመዘንኩት ከሰፈር ሱቅ የመጣ አንድ እንጀራ ነው። 340 ግራም! ከእንጀራ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሲሶው ገደማ ግን ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚለወጠው ክፍል ነው። ስለዚህ አንዱ እንጀራ ብቻውን ከ100 ግራም በላይ አለው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ለእኔ የፈቀደችልኝ ደግሞ በአንድ ማዕድ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። "አንድ እንጀራ ብቻ እኮ ነው የምበላው፣ ያውም የጤፍ" እያልኩ ስንት ዓመት ተከራከርኩ። ጤፍ ብረትም ቃጫም አለው፤ ስኳር ግን ያወጣል።

አሁን ሲሶውን ቆርጬ በሽሮና በብዙ ጎመን እበላለሁ። ድሮ ምሳ በልቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 240 የሚለኝ፣ ዛሬ 160 እና 170 ላይ ነው።

የከበደኝ የትሪው ነገር ነበር። አራት ሆነን አብረን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል? ጉርሻ ሲጨመርበትማ! እና ድርሻዬን መዝኜ ጠቅልዬ በእኔ በኩል አስቀምጣለሁ። ከሥር የተነጠፈውን አልነካም፤ ወጥ የጠጣው እሱ መሆኑ ያሳዝነኛል። ልጄ ልታጎርሰኝ ስትፈልግ ከእኔው ጥቅልል ቆርሳ ነው የምታጎርሰኝ።

ዘይቱን ደግሞ ከነጠርሙሱ መዘንኩ፣ ወጥ ሠርቼ እንደገና መዘንኩ። 90 ግራም ጎድሏል። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፤ ከ800 በላይ ካሎሪ በአንድ ድስት! ዘይት ስኳር ባያወጣም ቦርጭ ያመጣል፤ ቦርጭ ሲመጣ ኢንሱሊን በደንብ አይሠራም። አሁን ከ40 ግራም አላልፍም።

ጉድለት አላት። ሰፊ ሳህን ሲቀመጥባት ቁጥሩ ይሸፈናል፤ ጎድጓዳ ሳህን ደፍቼ ከላዩ ነው የማስቀምጠው። ትንሽ ከዘገያችሁ ትጠፋለች። ከጀርባዋ ያለው ቁልፍ ሲነካ ደግሞ ከግራም ወደ ኦንስ፣ ወደ ሌላ የክብደት መለኪያ ትዞራለች፤ አንድ ጠዋት በዚህ ግራ ገብቶኝ ቁርሴን ሳልበላ ልቀር ነበር።

እባካችሁ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ እንጀራችሁን ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። መድኃኒቱ ሳይቀነስ ምግቡ ብቻ ከተቀነሰ ስኳር ይወርድና ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያም ይጥላል።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ያዙና እዚያው ሱቅ አስቀምጡባት። ከ500 ግራም ትንሽ ከፍ ካለች ውሰዷት።