ከቱሉ ዲምቱ ጀርባ ያለው የደንብ ልብስ ስፌት ቤት

ባለፈው ዓመት ክረምት የወላጆች ኮሚቴ የ45 ተማሪዎችን የደንብ ልብስ እንዳሰፋ ሲወክለኝ፣ ትዕዛዙን ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ በአንድ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ለሚሠራ ስፌት ቤት ሰጠሁ። ለሸሚዝና ለሱሪ የጠየቁኝ ዋጋ በሰፈራችን ብቻውን የሚሠራው ልብስ ሰፊ ከጠራልኝ በሩብ ያነሰ ነበር፤ ልብሱንም በተቀጠረው በ12ኛው ቀን ተረከብኩ። በነሐሴ መጨረሻ «ነገ ይመለሱ» መባልን ለለመደ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋው ለምን እንደረከሰ ለመረዳት አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቆም ይበቃል። ልብሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰፋ አንድም ሰው የለም። ቆራጩ ጨርቁን ደራርቦ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል፤ ከዚያ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ፣ ሦስተኛዋ ኪስ ብቻ ትሰፋለች፤ የጨርቁን ጠርዝ የሚቋጨው ማሽን (ኦቨርሎክ) እና ካውያውም የየራሳቸው ሰው አላቸው። በየማሽኑ ላይ በሰዓት ሊሰፋ የሚጠበቀው ቁጥር፣ ማለትም ታርጌቱ፣ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ሱፐርቫይዘሯም ሰዓት መቁጠሪያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በመደዳው መካከል ትመላለሳለች። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት የስፌት መስመር ኃላፊ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ያን መሣሪያ በሚገባ አውቀዋለሁ።

ሥራን በሰዓት እየለኩ የማዘዝ አሠራር መነሻው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ዊንስሎው ቴይለር ነው። በቤተልሔም ብረት ፋብሪካ ብረት ተሸክሞ ፉርጎ ላይ የሚጭን ሠራተኛ፣ መቼ እንደሚያነሣና መቼ እንደሚያርፍ በሰዓት እየተለካ ሲታዘዝ፣ በቀን ከ12 ቶን ተኩል ወደ 47 ቶን መድረሱን፣ ክፍያውም ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር ማደጉን ቴይለር ራሱ ጽፏል። ሥራው አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደመወዙ ያደገው በ60 በመቶ ገደማ ነው። ከቁጥሩ ይበልጥ ዘላቂ የሆነው ግን ማሰብን ለኃላፊው፣ መፈጸምን ለሠራተኛው የሰጠው ክፍፍል ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1911 በዎተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የብረት ቀላጮች ሰዓት መቁጠሪያ የያዘ ሰው አጠገባቸው ሲቆም ሥራ አቁመው መውጣታቸውና ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ኮንግረስ መድረሱ፣ ሠራተኛው ይህን ክፍፍል ገና ከጅምሩ እንደተረዳው ያሳያል።

እኔም ጉዳዩን በሁለት ሱሪዎች አገኘሁት። ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ የሁለት ልጆች የኪስ ጫፍ ተተረተረ፤ ይዤ ሄድኩ። ሱፐርቫይዘሯ ከውስጥ የተሰፋውን ቁጥር አይታ «ስምንት ቁጥር፣ ነይ!» ብላ ተጣራች። አንዲት ከሃያ ዓመት የማትበልጥ ልጅ እጇን በጋውኗ እየጠረገች መጣች። ቀስ ብላ «ጋሼ፣ በሰዓት 40 ኪስ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ጫፉን መልሼ ላጥብቀው ብል አልደርስም» አለችኝ።

አርባ ኪስ በሰዓት ማለት ለአንዱ 90 ሴኮንድ ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ጫፉን መልሶ ማጥበቅ አልተቆጠረም። እኔም በፋብሪካው እንዲሁ አድርጌያለሁ፦ የፈጣኗን ሴት እጅ በማለዳ ለክቼ፣ ያንኑ ከሰዓት በኋላ ወገባቸው ለደከመው ሁሉ ታርጌት አድርጌ ሰጥቻለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የሰዓቱ መሆኑን ለስፌት ቤቱ ባለቤት አስረዳሁ፤ ከደመወዟ እንዳይቆረጥም ለመንኩ። ሴትዮዋ ሳትከራከር አዳመጠችኝ፣ ሱሪዎቹንም በዚያው ቀን ያለክፍያ አሠራችልኝ፤ ኪስ ለመስፋት የሚፈጀው ጊዜም እንደገና ተለክቶ ታርጌቱ ወደ 34 ወረደ። ለዚህ አከብራታለሁ።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ መመሪያዎች፣ «ማ» በሚል ፊደል የሚጀምሩት አምስቱ «ማ»ዎች፣ በትልቁ ተጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ጽሑፍ በብዙ ድርጅት ይታያል። ካይዘን ከቴይለር የሚለየው ስለ ሥራው መሻሻል ሠሪው ራሱ እንዲናገር በመፈለጉ ነው፤ ስምንት ቁጥርን ግን እኔ ሱሪ ይዤ እስክመጣ ድረስ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ስለቀረው አጭር ነው፦ ጨርቁ ታጥቦ አልሸበሸበም፣ ቁልፎቹም አልረገፉም። ልኩ ግን አምስት ዓይነት ብቻ ስለሆነ ቀጭንና ረጅም ልጅ ያለው ወላጅ ወደ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ቢሄድ ይሻለዋል፤ እዚህ ለአንድ ልጅ ብቻ ብለው መስመሩን አያቆሙም። ትዕዛዝ ከሐምሌ አጋማሽ በፊት መስጠት ያስፈልጋል።

ዘንድሮ ለ60 ልጆች እዚያው አዘዝኩ። ስረከብ መጀመሪያ የገለበጥኩት ኪሱን ነው፤ ጫፉ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተሰፍቷል።