«30 እጥፍ» የተባለው አጉሊ መነጽር፦ ለስንዴ ዋግ ይበቃል፣ ቁጥሩ ግን አይታመንም

አዳማ ውስጥ የእርሻ መድኃኒት መሸጫዎችና የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ጋ የሚገኘው፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው ትንሽ የእጅ አጉሊ መነጽር ላይ «30×21 ሚሜ» ተጽፎበታል። 21 የመስታወቱ ስፋት ነው፤ ልክ ነው። ሠላሳ እጥፉ ግን የወረቀት ነው። ለማጣራት መነጽሩን ዓይን ላይ ለጥፎ ማስመሪያ ማየት ነው። እውነተኛ 30 እጥፍ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ማስመሪያው ከመስታወቱ 8 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀርብ ነው። ሁለት ሴንቲ ተኩል ላይ ከጠራ 10 እጥፍ ነው፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይከራከሩ።

የስንዴ ዋግን (ቅጠልና ግንድ ላይ ዱቄት የሚያወጣውን የፈንገስ በሽታ) ለማየት 10 እጥፍ ይበቃል። ሠላሳው ነፋስ በሚያወዛውዘው ማሳ ላይ ቅጠሉን ለማስተካከል እንኳ ፋታ አይሰጥም።

መጀመሪያ ግን ጣት ይቅደም። ቅጠሉ ሲታሽ ቀለም ያለው ዱቄት ጣት ላይ ከቀረ ዋግ ነው። ካልቀረና በደረቀው ቁስል ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴፕቶሪያ የተባለው ሌላ የቅጠል በሽታ ነው። ዱቄትም ነጠብጣብም ከሌለው፣ ውኃ ተኝቶበት ወይም ዩሪያ አጥሮት የገረጣ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት መግዛት ብር መጣል ነው።

ዱቄት ከተገኘ መነጽሩ ሥራውን ይጀምራል። ቢጫ ዋግ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ እንደ መኪና ስፌት ይደረደራል (ቡቃያ ላይ ግን መስመሩ አይታይም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው)። የቅጠል ዋግ ክብ፣ ቡናማና የተበተነ ነው። የግንድ ዋግ ረዘም ያለ፣ የሸክላ ቀለም ያለው ሲሆን በ10 እጥፍ ሲታይ የተቀደደው የተክሉ ቆዳ ዳር ዳሩን ተገልብጦ ይታያል። ግንዱንና ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበትን ቦታ ሳያዩ አይለፉ።

መብራት ያለውን አይግዙ፤ ነጩ ብርሃን ቢጫውን ያገረጣዋል። ፀሐይን በትከሻ በኩል ማድረጉ ይሻላል።

ሦስቱን የዋግ ዓይነቶች ቢለይም፣ በአንዱ ዓይነት ውስጥ ያሉትን ዝርያዎች ግን መነጽር አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ ያጠቃው የግንድ ዋግ በዓይን ሲታይ ከሌላው የግንድ ዋግ አይለይም ነበር። ናሙና ለምርምር ማዕከል የሚላክ ከሆነ በወረቀት ፖስታ ይሁን፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ማጠፊያው ላይ ያለችው ብሎን ቶሎ ትላላለች። ከመክፈልዎ በፊት አሥር ጊዜ ያህል ከፍተው ይዝጉት።