ለዱፑይትረን እጅ የሚሠራው የሌሊት ስፕሊንት
በ3.2 ሚሊሜትር ቴርሞፕላስቲክ (ሲሞቅ የሚለሰልስ ፕላስቲክ) የሚሠራው ይህ ስፕሊንት (ጣትን ዘርግቶ የሚይዝ ድጋፍ) ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጣቱ መልሶ መታጠፍ ለጀመረ ሰው ጥሩ ነው፤ ጣትን ወደ መዳፍ የሚያጥፈውን የዱፑይትረን በሽታ ግን አያቆምም። ዱፑይትረን የሚነሳው ከመዳፍ ቆዳ ሥር ካለው ሽፋን ነው እንጂ ከመገጣጠሚያው አይደለም፤ ሪህ ነው ብሎ ማሸት አይጠቅምም። የጣቱ መካከለኛ መገጣጠሚያ ግን ለወራት ታጥፎ ከቆየ የራሱ ከረጢትና ጅማቶች ያጥራሉ፤ በዚህ ምክንያት ከመዳፉ ሽፋን ተሠርቶ ጣቱን የሚስበው ገመድ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦም ጣቱ ሙሉ በሙሉ ላይዘረጋ ይችላል። የጣት ሥሩ መገጣጠሚያ በቀላሉ ይመለሳል።

ፕላስቲኩ በ70 ዲግሪ ውሃ ይለሰልሳል። ሲቀረጽ ጣቱን በኃይል መጎተት ትልቁ ስህተት ነው፤ ጠባሳው ይቆጣል፣ እጁም ያብጣል። አንደኛው ማሰሪያ በትክክል መካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ ይረፍ። ከወለቀ 20 ደቂቃ አልፎም የማይጠፋ የግፊት ምልክት ካለ፣ ቦታው እንደገና ሞቆ ይስተካከል። ቀን ቀን ወልቆ ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ።