ካርድ መሙላት ወይስ መልስ መስጠት?

ጅማ ውስጥ ወጣቶች የወባ ትንኝ እጭን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ለተመራማሪዎች እንዲልኩ ማድረግ ያን ያህል አይከብድም። ከባዱ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እንዲቀጥሉ ማድረግ ነው።

አንዱ መንገድ የስልክ ካርድ መሙላት ነው። ዳታ ገንዘብ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ከኪሱ መክፈል የለበትም። ግን ክፍያው በፎቶ ብዛት ከሆነ ያው አንድ በርሜል ደጋግሞ ይነሳል። እጭ ያልተገኘበት ውሃም ሳይመዘገብ ይቀራል፤ እሱም እኮ መረጃ ነው።

ሌላው መንገድ ለላኩት ነገር መልስ መስጠት ነው። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። የናሳው ግሎብ ኦብዘርቨር መተግበሪያ ፎቶ ከማንሳት አያቆምም፤ ውሃው ተደፍቶ ወይም ተከድኖ እንደሆነም ያስመዘግባል። ሰው የሥራውን ፍሬ እዚያው ያያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ ደግሞ በከተማ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ የአንድ ግቢ ፎቶ ትልቅ ዋጋ አለው። አንድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ፎቶ ለላከች ልጅ «የላክሽው በእርግጥ የወባ ትንኝ እጭ ነው» ብሎ ቢጽፍላት፣ ልጅቷ በማግስቱ የጎረቤቷን በርሜል ከፍታ ታያለች። መልሱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ በዚያው ሳምንትም ይድረሳት።