ደብረ ብርሃን ላይ ፊያት 124 ስፖርት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። 150 ሺህ ብር ቀብዴ ተበልቷል። የበላኝ ደላላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ደላላን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። መኪናውን እንዲፈትሽልኝ ከኪሴ የከፈልኩት መካኒክ ነው አሳልፎ የሰጠኝ።

መኪናው ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ነው። ባለ ሁለት በር፣ ቀይ። ጣሊያኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 ድረስ የሠሩት ነው። ስወደው የኖርኩት መኪና ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በላዳ ታክሲ ነው፤ እኔም ኮፈን ስር አድጌያለሁ ማለት ይቻላል። እንዲህ ዓይነት መኪና አንድ ቀን ገዝቼ አሳድሳለሁ እያልኩ ነው ብር ያጠራቀምኩት።

የደላላውን ዜማ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና በአገሪቱ የለም። እሱን ሁሉ ሰምቼ አለፍኩት። «የ68 ሥሪት ነው» ሲለኝ ግን ከፊት ያሉትን አራት መብራቶች አሳየሁት። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት መብራት ናቸው። ባለ አራቱ የመጣው ከ1969 ጀምሮ ነው። ሊብሬው ሲከፈት 1971 ይላል።

ቀጥሎ «ዕቃው አያሳስብዎ፣ ላዳና ፊያት አንድ ናቸው» አለኝ። ላዳ ከፊያት 124 መወለዱ እውነት ነው። የተወለደው ግን ከባለ አራት በሩ የቤት መኪና ነው። የላዳ ሞተር ባለ አንድ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ነው፣ በአብዛኛው በካቴና ይዞራል። የስፖርቱ ባለ ሁለት ካምሻፍት ነው፣ የሚዞረውም በጎማ ቺንጊያ ነው። ላዳ ከኋላ ታምቡር ፍሬን ነው ያለው። ይሄ አራቱም ዲስክ ነው። ሶማሌ ተራ ብትሄዱ የላዳ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አታጡም። የዚህን ግን ከውጭ ማዘዝ ነው። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ስጠይቅ ደግሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ እየቆጠርኩ ከ900 ሺህ ወደ 780 ሺህ አወረድኳቸው።

780 ሺህ ያልኩት ግን ወለሉ ደህና ከሆነ ብዬ ነው። ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። የእንዲህ ዓይነት መኪና ዋጋ ያለው ሞተሩ ላይ አይደለም። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል። ይህ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። ወለሉ፣ ከበር በታች ያለው ላሜራ፣ ከፊት ደግሞ ሾካብሶርበሩ የሚታሰርበት ቦታ በዝገት ከተበላ የተሸከመው ነገር ሁሉ ይለቃል። የዚያ ዘመን ፊያት ደግሞ ዝገት አይችልም። ወለሉ የተበላ ከሆነ የተስማማንበት ዋጋ ግማሹም ይበዛበታል።

ስለዚህ ይፈተሽ አልኩ። ደላላው አንድ ጋራዥ ጠቆመኝ። ሌላም ቦታ ጠየቅኩ፤ «ካርቡራተር የሚያውቅ እሱ ነው» አሉኝ። የመፈተሻውን ብር ራሴ ከፈልኩ። መካኒኩ በትህትና ተቀበለኝ። መኪናው ጉድጓዱ ላይ ወጣ፣ እሱ ባትሪ ይዞ ወረደ። እኔ ልውረድ ስል «ዘይት ነው፣ ልብስዎ ይበላሻል» አለኝ። ሲወጣ እጁን እየጠረገ «እህቴ፣ ወለሉ ብረት ነው» አለ። በወረቀት ጻፍልኝ አልኩት። «ወለል ደህና፣ ዝገት የለም» ብሎ ጽፎ ፈረመ። እኔም በዚያ ወረቀት ተማምኜ ውሉን ፈረምኩ፣ ቀብዱን በባንክ አስገባሁ።

ብሩ እስኪገባ «እርስዎ» ይለኝ የነበረው ደላላ፣ መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲገባ «በይ እንግዲህ ቀሪውን ቶሎ አምጪ» አለኝ።

ቀሪውን ልከፍል ስሄድ ከሸዋ ሮቢት አንድ ዘመዴን ይዤ ሄድኩ። ባትላሜራ ነው። ለማደስ ምን ምን እንደሚያስፈልግ እንዲያይልኝ ነበር የጠራሁት። መኪናው ያው ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ዘመዴ የሹፌሩን በር ከፍቶ ምንጣፉን ገለጠ። ከስሩ ጥቁር ሬንጅ ተቀብቷል። በጣቱ ሲነካው ጣቱ ላይ ተጣበቀ፤ ገና አልደረቀም። ካቻቢቴ አምጡ አለ። ጫፉን ሰካና ጎተት ሲያደርገው ሬንጁ እንደ ቆዳ ተላጠ። ከስሩ የወጣው የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ነው። ተቀጥቅጦ ተለጥጧል፣ ዳር ዳሩን በሪቬት ተመቷል። ቢጫው ቀለምና የዘይቱ ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ቆርቆሮውን በካቻቢቴው ሲያነሳው የጋራዡ መሬት ታየን።

ከዚያ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ከበሩ በታች ያለውን ላሜራ ተከትሎ ሄደ። ከፊት ያዘ። መሃል ላይ ሲደርስ ወደቀ። እንደገና አስጠጋው፣ እንደገና ወደቀ። ብረት አይደለም፣ ስቱኮ ነው።

መካኒኩ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ «ይሄ የማን ፊርማ ነው?» አልኩት። ወደ እኔ አላየም። ደላላውን አየው። ይህቺን አልረሳትም። የምከፍለው እኔ፣ መልሱን የሚጠይቀው ግን እሱን። ከቆየ በኋላ «እኔ የማየው ሞተር ነው» አለ። «ወለል ደህና ብለህ ጽፈሃል እኮ» አልኩት። ዝም። ደላላው ምንም ሳይሸማቀቅ፣ እዚያው እኔ ፊት ኪሱ ገባና የተጠቀለለ ብር አውጥቶ ሰጠው። «የትናንቱ» አለው። መካኒኩም ተቀብሎ ቱታው ውስጥ ከተተ። መደበቅ እንኳን አላስፈለጋቸውም። ከምንም አልቆጠሩኝም።

ቀብዴን መልሱ ስል የጋራዡ ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። «ምን ሆነሽ ነው የምትጮሂው?» አለ። አስረዳሁት፣ ቆርቆሮውን አሳየሁት። «የ50 ዓመት መኪና ገዝተሽ አዲስ ወለል ፈለግሽ? ወለል የምትፈልጊ ከሆነ ሂጂና ዲዛየር ግዢ» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ቀጥሎ ወደ ዘመዴ ዞሮ «ወንድሜ፣ አንተ አስረዳት፤ ሴት ልጅ ስለ መኪና ምን ታውቃለች» አለው። ላዳ ቴስታታ ከአባቴ ጋር ሳወርድና ስገጥም ያደግኩ ሰው ነኝ። ይህን የነገርኩት ለእሱ አልነበረም፣ ሊሰማኝ ስላልፈለገ። ለናንተ ነው የምነግራችሁ። ወለሉን ብታውቁም ባታውቁም አይለወጥም፤ ንቀቱ ከብሩ ጋር የተዘጋጀ ነው።

ደላላው ሕጉን አንብቦታል። «ተይው ካልሽ ቀብዱ ይቀራል» አለኝ፣ እየተዝናና። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እውነትም እንዲህ ይላል። በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። እነሱ የሚበሉት በዚህች አንቀጽ ነው። ገዢው ራሱ እንዲሸሽ ያደርጉታል፣ ከዚያ መኪናው ቆሞ ቀብዱ ይቀራል። ዘመዴ እንዳለው ከሆነ ያ ወለል እንዲህ ሲጠገን የመጀመሪያው አይደለም፤ ከቆርቆሮው ስር ሌላ የቆየ ሬንጅ አለ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ከፍሎ እንደሄደ ፈጣሪ ይወቀው።

እኔ ግን አልተውኩትም። ተታልዬ ነው የፈረምኩት። የመካኒኩ ወረቀት ከነፊርማው በእጄ ነው። ፎቶም ቪዲዮም አንስቻለሁ። ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ ክሱንም እያዘጋጀሁ ነው።

ለናንተ የምለው አጭር ነው። ደላላው የጠቆመው ጋራዥ አትግቡ፤ መካኒክ ከሌላ ከተማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባትላሜራም ጨምሩ። ምንጣፉን ራሳችሁ ግለጡ። ማግኔት ያዙ። ጠዋት ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ አሙቄ ጠበቅኩዎ» ካሏችሁ ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ እንዳታዩ ነው፤ ቀዝቅዞ እስኪነሳ ጠብቁ። ጣርማበርን ወደ ደብረ ሲና አውርዳችሁ ፍሬኑን እዩ፣ ዳገቱን ስትመለሱ የሙቀት መለኪያውን። እኔን «ቦሎ የለውም» ብለው ከከተማ አላስወጡኝም። ውሉ ላይ ደግሞ «ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የምትል መስመር ሳትጻፍ አትፈርሙ። አንጽፍም ካሉ ተነሱና ሂዱ።

መኪናው አሁንም ለሽያጭ ቆሟል። ትናንት አንድ የማውቀውን ሰው 900 ሺህ ብለውታል። ቀይ ነው፣ አራት መብራት፣ የግራ የኋላ መብራቱ ሽፋን ተሰንጥቋል። ከሹፌሩ ምንጣፍ ስር እንደገና ሬንጅ ቀብተውታል።