በሲሊካ የታሸገው የብጉር ቅባት ወይስ የተለመደው? ለገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ፒያሳ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት ወጣት ሁለት ቲዩብ የብጉር ቅባት ይዛ መጣች፤ አንዱ ትሬቲኖይን፣ ሌላው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ። ማታ ማታ ደራርባ ትቀባቸዋለች። የነጠላዋ ጥለት አገጯን በሚነካበት በኩል ቀለሙ ለቅቆ ነበር። «እህቴ፣ ጥለትሽን ያነጣው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ትሬቲኖይኑንም ያበላሽብሻል» አልኳት። በተለይ ብርሃን ካገኛቸው ጉዳቱ ይብሳል።

በሲሊካ (አሸዋ በተሠራበት ማዕድን) የታሸገው ቅባት የተሠራው እነዚህን ሁለት ጠበኞች ለማለያየት ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው፣ ዓይን በማያየው የሲሊካ ቅርፊት ይሸፈናል። በአንድ ክሬም ውስጥ ሆነው አይነካኩም፤ ቆዳ ላይ ሲደርሱ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ትዊኒዮ የሚባለው፣ 0.1 በመቶ ትሬቲኖይንና 3 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የያዘው ክሬም፣ በአሜሪካ የጸደቀው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በተከታዩ ዓመት የጸደቀው ኤፕሶሌይም በሲሊካ የታሸገ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው፤ ነገር ግን የሮዜሺያ (ፊትን የሚያቀላ የቆዳ በሽታ) እንጂ የብጉር መድኃኒት አይደለምና አይምታታባችሁ።

ትልቁ ጥቅሙ በቀን አንዴ ብቻ መቀባቱ ነው። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ቆዳ ላይ ስለማይፈስም ማቃጠሉን ለመቀነስ ታስቧል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ችግሩ ዋጋውና አያያዙ ነው። ለታካሚ እስኪሰጥ ድረስ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ መድኃኒት ስለሆነ፣ ከውጭ በሻንጣ የመጣውን ስትገዙ በመንገድ ላይ እንዴት እንደቆየ ጠይቁ። ልብስ ማንጣቱንም አልተወም።

ሁለቱን ለየብቻ ገዝቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን ጠዋት፣ ትሬቲኖይኑን ማታ መቀባት ያንኑ ጠብ በሰዓት ይፈታዋል። ሰዓቱን ለማያዛንፍ ሰው ለቅርፊቱ ተጨማሪ ብር የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ለሚዘነጋ ሰው ደግሞ አዳፓሊንን አስቀድማለሁ። የትሬቲኖይን ዘመድ ቢሆንም ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ያለ ምንም ሲሊካ በአንድ ጄል የተቀላቀሉበት መድኃኒት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በቅባቱ ጀርባ «ሲሊካ» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ መድኃኒቱ ታሽጓል ማለት አይደለም። ብዙ ክሬሞች ሲሊካ የሚገባባቸው ለማወፈርና የፊትን ወዝ ለመምጠጥ ነው። ሻጩ በዚህ ዋጋ ቢጨምርባችሁ አትቀበሉት።

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ትሬቲኖይንም አዳፓሊንም ከመቀባቷ በፊት ሐኪም ታማክር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ፀሐዩ ስለሚበረታ የፀሐይ መከላከያ ክሬምም አይቅር።

ወጣቷ ያን ቀን ምንም አልገዛችም። አንዱን ቲዩብ ወደ ጠዋት እንድታዞር ነግሬ ሸኘኋት።